ቬንቸር ካፒታል፦ ወደ ሕዋ የሚሄደው ገንዘብ

ዛሬ ስለ ቬንቸር ካፒታል እናወጋለን።

ካዛንቺስ ውስጥ እቁብ የሚጥሉ ነጋዴዎችን አስቡ። በእቁብ ሁሉም ዕጣው ይደርሰዋል፤ ዘግይቶም ቢሆን ያዋጣውን ያገኛል። ቬንቸር ካፒታል ግን እንዲህ አይደለም። ባለሀብቱ ገንዘቡን ለብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች ያከፋፍላል። አብዛኞቹ ሊከስሩ እንደሚችሉ ያውቃል። አንዱ ከተሳካለት ግን የሌሎቹን ኪሳራ ይሸፍናል።

ለምሳሌ ሮኬት ሠሪውን ኩባንያ ስፔስኤክስን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 2008 ሦስተኛው ሮኬቱም ከሸፈ። በዚያው ሰሞን ፋውንደርስ ፈንድ የተባለ የቬንቸር ካፒታል ድርጅት 20 ሚሊዮን ዶላር ማፍሰሱ ተነገረ። አራተኛው ሮኬት ተሳካ! ከዚያ ወዲህ የግል ገንዘብ ወደ ሕዋ ጎረፈ። በፈረንጆቹ 2022 ግን የአሜሪካ ወለድ ሲጨምር ቀዘቀዘ። ገንዘቡ ያለ ስጋት ወለድ ካስገኘለት፣ ሮኬት የሚጠብቅ ባለሀብት ይቀንሳል።

እኛስ? በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የመንግሥታት ሥራ ነበረች፤ አብዛኛውን ወጪ ቻይና ሸፈነች። ቬንቸር ካፒታል አልነበረበትም። እኔ ግን ተስፋ የማደርገው በሮኬት አይደለም። የሳተላይት ምስልን አንብቦ ለገበሬው የዝናብና የሰብል ምክር የሚያደርስ ወጣት ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ክፍል ቢሮ ሊጀምር ይችላል። የሚያስፈልገው ኪሳራን የማይፈራ ባለሀብት ነው።