ስለ «ቴኔት» ፊልም የጻፍነውና ያላየነው

(በጅማ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ፊልም ለመናገር ነው። ዳሩ ግን ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥፋት መናዘዝ ይገባናል። ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ፣ «ቴኔት» ስለሚባለው የስለላና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ሂስ አውጥተን ነበር። ብዙዎቻችሁ አመስግናችሁናል፤ አንድ መምህራችንም በክፍል ውስጥ በምሳሌነት ጠቅሰውታል። እውነቱን ለመናገር ያን ጽሑፍ ስንጽፍ ፊልሙን ከግማሹ በላይ አላየነውም ነበር። ፍርዱን የተዋስነው ከለንደንና ከኒውዮርክ ሐያስያን ነው። «ቀዝቃዛ ነው፤ ልብ የለውም» ያልነው እነርሱ ስላሉ ነው። ምስጋናችሁ ከወቀሳ ይልቅ ያሳፈረን ስለዚህ ነው።

ግማሹን ብቻ ያየንበት ምክንያት ለጅማ ሰው አዲስ አይደለም። ክረምት ነበር። በአንድ ጓደኛችን ላፕቶፕና በተውሶ ፕሮጀክተር፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተሰብስበን ጀመርን። ዝናቡ ሲወርድ ተዋንያኑ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ከማየት በቀር አንድ ቃል አልሰማንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ የውጭውን ጋዜጣ ስናገላብጥ እጅግ የሚያስቅ ነገር አገኘን፤ በእነዚያ ምንጣፍ በተነጠፈባቸው ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ውድ ቲኬት ቆርጠው የገቡ ሰዎችም ንግግሩን አልሰማንም እያሉ ያማርሩ ነበር። ሙዚቃውና የፍንዳታው ድምፅ ቃሉን ውጦታል ነው ክሱ። እንግዲህ ዝናባችን ያደረገብንን ለእነርሱ ዲሬክተሩ ራሱ አድርጎላቸዋል ማለት ነው።

ዲሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ሲኒማ ቤቶች ዘግቶ፣ ገና አንዳንዶቹ በፍርሃት በራቸውን የሚከፍቱበት ጊዜ ነበር። ወጪው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሏል፤ በዓለም ዙሪያ የሰበሰበው ደግሞ ወደ 365 ሚሊዮን ዶላር ግድም። ከዚህ ላይ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻና የማስታወቂያው ወጪ ሲነሣ አትራፊ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሐያስያኑም ተከፋፈሉ። ከመቶው ሰባ ያህሉ ወደዱት፤ የቀሩት ግራ የሚያጋባ፣ በራሱ ብልሃት የሰከረ ነው አሉት። በሚቀጥለው ዓመት በልዩ የምስል ቅንብሩ (ቪዥዋል ኢፌክትስ) የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ገንዘቡን በእኛ ሚዛን ብናየው ደስ ይለናል። በዚያው በ2012 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ቡናዋን ወደ ውጭ ልካ ያገኘችው ከ800 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። የሊሙ፣ የጎማ፣ የጌራ፣ የማናና የከፋ፣ እንዲሁም የሲዳማና የሐረር ቡና ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተበጥሮ፣ በመርከብ ተጭኖ ካመጣው ገንዘብ ወደ ሩብ የሚጠጋው የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም መሥሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህን የምንለው ለማማረር አይደለም። ኖላን አውሮፕላን ከሕንፃ ጋር ማላተም ቢያምረው እውነተኛ ቦይንግ 747 አመጣና አላተመ፤ እኛም ብንችል ሳናደርገው አንቀርም ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስሙ የማይነገር አንድ ሰላይ (ጆን ዴቪድ ዋሽንግተን) ከወደፊቱ ዘመን የመጡ፣ ጊዜያቸው ወደ ኋላ የሚሄድ ጥይቶች መኖራቸውን ይሰማል። ጥይቱ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ጠመንጃው ይመለሳል። ከወደፊቱ ሰዎች ጋር የሚነጋገረው ሳቶር የሚባል የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ይህ ሰው ዓለምን ከራሱ ጋር ለማጥፋት ተነሥቷል። የቀረውን ብንዘረዝረው እኛም እንጠፋለን።

ዋናው ነገራችን የመጣው ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያለ ዝናብ፣ እስከ መጨረሻው ባየንበት ማታ ነው። ከመካከላችን የሊሙ ገነት ልጅ የሆነች የነርስነት ተማሪ ነበረች። የክፉው ሰው ስም ሳቶር፣ የሠዓሊው ስም አሬፖ፣ የኦስሎውን መጋዘን የሠራው ኩባንያ ስም ሮታስ ሲባል ሰምታ፣ «ይህን እኮ አያቴ በሰሞነ ሕማማት ትደግመዋለች» አለችን። ሳቅንባት። እርሷ ግን በጣቷ እየቈጠረች፣ «ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ» አለች። አምስቱ ቅንዋት፣ ጌታ የተቸነከረባቸው የችንካሮች ስሞች ናቸው። በየጸሎት መጽሐፉና በየክታቡ ተጽፈው ይገኛሉ።

ሳቃችን እዚያው ደረቀ። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን እንዳየነው፣ ሊቃውንት እነዚህ ስሞች ከአንድ ጥንታዊ የላቲን ሠንጠረዥ የመጡ ናቸው ይላሉ። ሠንጠረዡ ባለ አምስት ፊደል አምስት ቃላት ነው፤ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከግራም ከቀኝም ቢያነቡት አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ተገኝቷል። ኖላን አምስቱንም ቃላት በፊልሙ ውስጥ በትኗቸዋል፤ ፊልሙ የሚጀምረው በኦፔራ ቤት ነው፤ ከመካከል ያለው ቃል ደግሞ የፊልሙ ስም ነው። ቴኔት፣ በእኛ ዘንድ ዳናት። እውነት ነው፣ ቃሉ ወደ እኛ ሲደርስ መልኩን ስለ ለወጠ ከኋላ ወደ ፊት አይነበብም፤ ለጸሎት ግን ይህ አያስፈልግም።

የአጋሮ ልጅ የሆነው ጓደኛችንም ጨመረልን። እርሱ እስላም ነው። የእርሱም አያት የዐረብኛ ፊደላት በሠንጠረዥ የተደረደሩበት ክታብ እንደ ነበራቸው ነገረን። የውጭዎቹ ሐያስያን ስለ ላቲኑ ሠንጠረዥ ብዙ ጽፈዋል፤ እኛ ካነበብናቸው ውስጥ ግን ነገሩን ተከትሎ ወደ እኛ አገር የደረሰ አንድም አላገኘንም። ሊያውቁት አይገደዱም። እኛ ግን ያን ገጽ ተኩል ስንጽፍ፣ ቁልፉ በሊሙ ገነት በአንዲት አሮጊት አፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩን ከለንደን እናንኳኳ ነበር።

«ልብ የለውም» ስላልነውም አንድ ነገር እንበል። ይኸው የአጋሮ ጓደኛችን በኅዳር ወር፣ ቡና ለቀማው በደራበት ጊዜ አገሩ ሄዶ ፊልሙን በቪዲዮ ቤት እንደገና አየው። አንድ ወጣት ከማያው አጠገብ ቆሞ በኦሮምኛ ያስረዳል። ስለ ፊዚክሱ አንድም ቃል አልተናገረም አሉ፤ ማን የማን ወዳጅ እንደ ሆነ፣ ማን ማንን እንደሚያታልል ብቻ ነው የሚናገረው። በመጨረሻ ኒል የተባለው ሰው ሞት ወደሚጠብቀው ቦታ ሲመለስ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ፣ «ልጁ መሞቱን እያወቀ ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» ተባሉ። «እንግዲያስ ይህ የጓደኛ ታሪክ ነው» አሉና ዝም አሉ። ቤቱም ዝም አለ።

ይህን ሰምተን ፊልሙ እንከን የለውም ልንል አንችልም። የሳቶር ሚስት እናትነቷንና ሥቃይዋን ብንወስድባት የሚቀራት ጠባይ የለም። በመጨረሻው ጦርነት ማን ወደ ፊት፣ ማን ወደ ኋላ እንደሚሮጥ ሦስት ጊዜ አይተን አልለየንም። የድምፁም ክስ ትክክል ነው። ግን እነዚህ ዛሬ በዓይናችን አይተን የምንላቸው ናቸው።

ስለ ሌላ ፊልም በአጭሩ። ኖላን ከፊልሙ ከፊሉን ያነሣው በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ነው። በዚያችው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ የስለላና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አለ፤ ስሙ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» ማለት ነው። ዲሬክተሩ በአገራችን የኖረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ ሲሆን፣ ከፊሉ የተነሣው በኢትዮጵያ ነው። ታሪኩ በ2035 ይሆናል የተባለ ነው። መሪው ሰላይ የእኛው ዳንኤል ታደሰ ነው፤ የስታሊንን ፊት ከለበሰ የኮምፒዩተር ቫይረስ ጋር ይዋጋል፤ የሚመኘው ግን ሥራውን ትቶ ከሚስቱ ጋር የራሱን ንግድ መክፈት ነው። ወጪው ከኖላን ፍርፋሪ አይደርስም፤ ሰላዮቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ዓለም ሲገቡ የሚያደርጉት ከወረቀት የተቈረጠ ጭምብል ነው። ድምፁም ሆን ተብሎ ከከንፈር ጋር አይገጥምም፤ በቪዲዮ ቤት ለለመድን ለእኛ ይህ አላስቸገረንም። የውጭ ሐያስያን አንዳንዶቹ በሳቅ ተቀበሉት፤ አንዳንዶቹ ሰለቻቸው። በፊልሙ ውስጥ የሌሊት ወፍ ልብስ የለበሰ የአንዲት ምናባዊት ኢትዮጵያ ገዥ አለ። ይህ መቀለጃ መደረጋችን ነው ወይስ እኛም የምንስቅበት ቀልድ? በመካከላችን እስከ እኩለ ሌሊት አከራክሮናል፤ አሁንም አልተስማማንም።

ስለዚህ ያለፈውን ሂሳችንን ሽረነዋል። በሚመጣው ሐሙስ፣ ከገበያ መልስ፣ ሁለቱንም ፊልሞች እናሳያለን። መግቢያው ነፃ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተመልካች ከአዳራሹ ሳይወጣ፣ የማንንም ሂስ ሳያነብ፣ ያየውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ይሰጠናል፤ የሚቀጥለው ጋዜጣችን የሚሞላው በዚያ ነው። መምህራንም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደሉም። ዝናብ ከጣለ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ እናደርጋለን። ካልተሰማም የለንደኑ ሰው ካጣው የበለጠ አናጣም።