ሁለት ቦታ የዋሸሁት

(በ1997 ዓ.ም. የሕክምና ምሩቃን የ20ኛ ዓመት መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ እጄን ያልዘረጋሁላችሁ ኮርቼ አይደለም። ቀኝ እጄን ጠበቅ አድርጎ የሚጨብጠኝ ሰው ስለሚያሳምመኝ በትከሻ ሰላም ማለት ለምጄ ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ያላወቃችሁም ዛሬ እወቁት። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከያዘኝ 8 ዓመት ሆነኝ። ኮሚቴው ስለ ሥር የሰደደ ሕመምና ስለ ባህል ሕክምና አንድ ነገር በይ ሲለኝ ጥናት ሰብስቤ ላቀርብ አስቤ ነበር። ጥናቱን ግን ፈልጋችሁ ታነቡታላችሁ። እኔ ያደረግሁትን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። እንድናገር ፈቅዶልኛል።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከጎንደር ተመርቀን ዕጣ ስናወጣ እኔ የደረሰኝ አንድ የገጠር ሆስፒታል ነበር። አንድ ሌሊት የ13 ዓመት ልጅ በኬቶአሲዶሲስ ራሱን ስቶ መጣ። ከጨቅላነቱ ጀምሮ ባይሆንም ለሦስት ዓመት ያህል ኢንሱሊን ሲወጋ የቆየ ልጅ ነው። እናቱ ጠበል ወስዳው አሥር ቀን እዚያ ከርመዋል። ልጁ በፈሳሽና በኢንሱሊን ሲነጋ ዓይኑን ገለጠ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ስለነበር ይሁን ስለፈራሁ፣ እናትየዋን ኮሪደር ላይ አቁሜ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጅሽን በገዛ እጅሽ ልትገይው ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «እሺ፣ እሺ» አለች። ሁሉንም ነገር እሺ አለች። ካርዱ ላይ ቀጠሮ ጻፍኩ። አልመጡም። ከዚያ በኋላ ልጁ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሴትየዋ የነገረችኝ ነገር አልነበረም፤ ነገሩን የሰማሁት ከወር በኋላ ከዋርዱ ሲስተር ነው። ኢንሱሊኑን አልጣለችውም ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ትንሽ ገንቦ ውስጥ አድርጋ ይዛው ሄዳለች። ግን ጠበልተኛው በተኛበት አዳራሽ፣ ሰው እያያት ልጇን መርፌ መውጋት አፈረች። «እምነት የላትም ይሉኛል» ብላ። ቄሱ አቁሚ አላሏትም፤ የጠየቀቻቸውም የለም። ሁለት ሌሊት ከደጅ ወጥታ በጨለማ ወጋችው፤ በሦስተኛው የአጠገቧ ሰው ነቃባትና ተወችው። ይሄን ሁሉ ለሲስተር የነገረችው እኔ ተቆጥቼ ከሄድኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደራሴ ልምጣ። እንደምታውቁት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ፤ እንጀራዬ በጣቶቼ ነው። በሽታው የጀመረኝ ጠዋት ጠዋት ነበር። ከእንቅልፌ ስነሳ ለአንድ ሰዓት ያህል እጄ አይታጠፍም። አንድ ቀን ኦፕራሲዮን ላይ ማህፀኑን ሰፍቼ ክሩን ስቋጥር ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። አጠገቤ የነበረው ሬዚደንት ዓይቶ እንዳላየ ሆኖ ቋጠሮውን ተቀበለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ያ ጓደኛችን፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ ሜቶትሬክሴት አስጀመረኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ፤ ፎሊክ አሲድ ደግሞ በሌላው ቀን። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ልዋሽ አልችልም፣ በሦስተኛው ወር እጄ ተፈታ። ግን ማክሰኞ ሙሉ ቀን ያቅለሸልሸኛል። አንዳንዴ ከፋርማሲ ይጠፋና ለአራት ፓኬት ከተማውን እዞራለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እስከ መቼ?» ብዬ ስጠይቀው «መቼም ታውቂዋለሽ» አለኝ። አውቀዋለሁ። ለሰው ሺህ ጊዜ ብየዋለሁ። ለራስ ሲባል ሌላ ቃል ነው።

እናቴ ጠበል እንሂድ ብላ ለመነችኝ፤ ሄድኩ። 14 ቀን ቆየን። ስለ ጠበሉ ክፉ ነገር የለኝም፤ ውኃው በሌሊት ሲፈስብኝ መገጣጠሚያዬን እንደ ቢላ ይቆርጠኝ ነበር እንጂ፣ ለዓመት ያልተኛሁትን እንቅልፍ የተኛሁት እዚያ ነው። በሽታዬን ስናገር «አይዞሽ» የሚል ሰው እንጂ ሲአርፒሽ ስንት ነው የሚል አልነበረም። ግን ሁለት ሰኞዎች አለፉ፤ ሁለቱንም መድኃኒቱን አልዋጥኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን አልዋጥሽም ብትሉኝ መልሱ የዚያች ሴትዮ መልስ ነው።

ከዚያ መልስ አንድ ዘመዳችን መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰደችኝ። ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት በላይ አነጋገሩኝ፤ እጄን አንድ በአንድ ጣት በጣት ዳሰሱት። ሌሊት ስትነቂ ማን አጠገብሽ አለ ብለው ጠየቁኝ። እኔ በተመላላሽ ክፍል ለአንዲት እናት አምስት ደቂቃ ከሰጠሁ ብዙ ነው፤ ወረፋውን ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ «የሐኪም ቤት መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ኧረ የለም» አልኩ። ሥራሽ ሲሉኝ ደግሞ አስተማሪ ነኝ አልኩ። የደቀቀ መራራ ሥር ሰጡኝ፤ በማር ለውሼ ጠዋት ጠዋት እወስድ ጀመር። ሥሩ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሁለተኛው ወር የጉበት ኢንዛይሜ ከመደበኛው ጣሪያ በ4 እጥፍ ወጣ። ጓደኛችን ውጤቱን አይቶ ጠየቀኝ። አጠያየቁን ልንገራችሁ፤ እየሳቀ «አንቺ መቼም ቅጠላ ቅጠል አትወስጂም አይደል?» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። አዎ ብሎ መመለስ የማይቻልበት ጥያቄ ነበር፤ እኔም ለስንቱ በሽተኛ እንደዚያ እያልኩ ጠይቄያለሁ። ስለዚህ እሱ ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ሜቶትሬክሴቱን አቆመ። ኢንዛይሙ ግን አልወርድ አለ። የሄፓታይተስ ምርመራ አዘዘ፣ አልትራሳውንድ አዘዘ። ደም በተቀዳሁ ቁጥር ጠዋት ሥሬን ውጬ ነው የምመጣው። ሞኝነት ነው? ነው። ግን ሥሩን ካቆምኩ ያቺ የቀረችኝ ተስፋም ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ከደበቅሁ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?

በመጨረሻ ዱቄቱ አለቀ፤ ተመልሼ አልሄድኩም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ጉበቴ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኔ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ምነው ሳትነግሪኝ?» አለኝ። «ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?» አልኩት። አሰበና «እሰድብሽ ነበር» አለ። እውነቱን ስለተናገረ አመሰገንኩት። ሜቶትሬክሴቱን ዳግመኛ ጀመርኩ፤ ጉበቴም ምንም አልሆነም። መድኃኒት ባልነበረኝ በእነዚያ ወራት ግን በሽታው አልተኛም። የቀኝ እጄ ራጅ ላይ ሁለት መገጣጠሚያዎች ተሸርሽረው ታዩ። እነሱ አይመለሱም። ዛሬ ቀላል ኦፕራሲዮን እሠራለሁ፤ ረጅሙን ለወጣቶቹ ትቻለሁ።

የባህል መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው ልል አይደለም የመጣሁት። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድን ያገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ አልነበረም፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ስላየ ነው። እኛም ብንሆን ደባት ለቲቲፒ ወጥተን ጉንፋን ሲያንፈራፍረን ጎረቤታችን እማማ ጨምቀው የሰጡንን ዳማከሴ ተሻምተን ነው የጠጣነው። ለሱፐርቫይዘራችን የነገረ ካለ እጁን ያውጣ!

ኢንተርን የነበርንበትንም ጊዜ አስታውሱት። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በዚያው በ1997 ነው። መድኃኒቱ መጣ፤ በሽተኛው ግን አልጋውን ለቆ ጠበል ይሄድ ነበር። እኛ በዋርድ ራውንድ ላይ ስንቆጣ ኖርን። ኋላ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል ለብዙ ሰው የሰጠው አዲስ እምነት አይመስለኝም፤ ሰው እያየው ኪኒኑን የሚውጥበት ፈቃድ እንጂ። ለዚያች እናት እንዲህ ያለ ፈቃድ የሰጣት የለም፤ እኔም ልሰጣት እችል ነበር።

እናቴ አሁንም በየወሩ ጠበል በጀሪካን ታመጣልኛለች። እጠጣለሁ። ሰኞ ማታ ደግሞ ኪኒኔን እሷው ናት ቆጥራ የምትሰጠኝ።

ክሊኒክ ውስጥ አንድ ነገር ለውጫለሁ። «ትወስጃለሽ ወይ?» ማለት ትቻለሁ። «እኔም ታምሜ ጠበልም ሥርም ሞክሬያለሁ፤ አንቺስ እስካሁን ምን ምን ሞከርሽ?» እላለሁ። ባለፈው ሰሞን ደም ግፊት ያለባት የሰባት ወር እርጉዝ ይህን ስላት በሩን ዞራ አየችና፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ትንሽ ቋጠሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ጤና አዳሙን በሽታው ለየሁት። አጠገቡ የነበረውን ቅርፊት ግን አላወቅሁትም። «ይሄ ምንድነው?» ስላት ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበችና ትነግረኝ ጀመር። ውጭ ወረፋው እያጉረመረመ ነበር።