የማለስለሻው ማሽንና የጎረቤት በርበሬ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት እዚህ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ በግቢያቸው የእንጨት ሥራ በሚሠሩ ሰዎች ላይ አቤቱታ ቀርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከተከሰሱትም አንዱ እኔው ነኝ። የራስን ክስ በራስ እጅ መጻፍ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ሊቀ መንበራችን «ማሽኑን የምታውቀው አንተ ነህና ለሕዝቡ አስረዳ» ስላሉኝ ዛሬ የቆምኩት ለመከራከር አይደለም፤ ያሻሻልኩትንም ያጠፋሁትንም ልነግራችሁ ነው። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም፤ የምናገረው እጄ ያወቀውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ እኔ ዘንድ የሚመጣው የበርና የመስኮት፥ የአልጋና የጠረጴዛ ትእዛዝ ጨምሯል። አንድ የዋንዛ በር በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ክንድም ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ማለስለሻ ማሽን ከሁለተኛ እጅ ገዛሁ። ማሽኑ ሁለት ድቡልቡል ተሽከርካሪዎች አሉት፤ እኛ ሩሎ እንላቸዋለን። በሁለቱ ላይ እንደ ቀበቶ የተገጠመ፥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር፥ ዙሪያው 91 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይዞራል። እንጨቱን ጠጋ ስታደርጉት ይልጠዋል።

ማሽኑ ግን ደካማ ነበር። ዋንዛ ሲያገኝ ይቆማል፤ ወረቀቱ ወደ ጎን እየሸሸ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ጠረጴዛውም ይንቀጠቀጣል። እኔም ላሻሽለው ተነሣሁ። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ ከመጨረሻው ጀመርኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍጥነት ብቻ ነበር።

ከተበላሸ የውሃ ፓምፕ ላይ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ሞተር አውጥቼ በቀጥታ ከሩሎው ጋር አገናኘሁት። የድሮው ሞተር በደቂቃ 1,400 ጊዜ ያህል ይዞር ነበር፤ የፓምፑ 2,800 ይዞራል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሩሎው ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንዴ ሲዞር ወረቀቱን 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስበዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ድሮ በደቂቃ 440 ሜትር ይሄድ የነበረው 880 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ከዚህም በላይ ያስሮጣሉ፤ ግን የእነሱ ሩሎ ሚዛኑ የተጠበቀ፥ ኩሽኔታው አዲስ፥ መከለያው የጠበቀ ነው። የእኔ ኩሽኔታ ያረጀ፥ የወረቀቱም መጋጠሚያ በኮላ የተጣበቀ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጋጠሚያው ተፈትቶ ወረቀቱ በጆሮዬ አጠገብ እንደ ጅራፍ ጮኾ ግድግዳውን መታው። ትንሽ ቀረብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባንድ ዓይን ነበር የማያችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው።

ብናኙ ደግሞ በእጥፍ ጨመረ። እኔም ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ የአሮጌ አየር መሳቢያ ቱቦ ሰክቼ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ አስወጣሁት። ወደ ውጭ ማለት ወደ ማን? ወደ ጎረቤቴ። አንድ ቀን እኒያ እናት ሰፌዳቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። «ልጄ፥ ሥራህን አልጠላሁም፤ ግን ያሰጣሁት በርበሬ እንጨት እንጨት ይላል» አሉኝ። በጣቴ ብዳስሰው እውነትም ዱቄት የመሰለ የዋንዛ ብናኝ ለብሷል። «ይቅርታ እማማ፥ እርስዎ ሲያሰጡ አላየሁም» አልኩ። «እኔስ ባላሰጣ ሳንባዬን የት አደርገዋለሁ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ይህን ነገር አቃልላችሁ እንዳታዩት። በመጋዝ ሲቆረጥ የሚወድቀው ሰጋቱራ ሻካራ ስለሆነ ቶሎ መሬት ይወርዳል። ከማለስለሻ የሚወጣው ግን ከዱቄት የላመ ነው፤ ማሽኑ ከቆመም በኋላ ብዙ ሰዓት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ አስም ያለበትን ያስነሣበታል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል፤ በተለይ በአፍንጫና በዙሪያው። እኛ አናጢዎች «እንጨት ምን ያደርጋል፥ የእግዜር ፍጥረት ነው» እያልን ስንስበው የኖርነው ይህንን ነው።

በርበሬው አልበቃ ብሎ ሌላ ተጨመረ። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ መጣና «እስቲ በዚህ ማሽን ሳልልኝ» አለኝ። ሳልኩለት፤ ፍንጣሪው ሲበር ደስ ይላል። እኔም ማሽኑን ዘግቼ እራቴን ልበላ ገባሁ። ያ ፍንጣሪ በቱቦው ሄዶ ማሽኑ ሥር ከተጠራቀመው ብናኝ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ይጨስ ጀመር። ሽታውን ያገኙት እኒያው ባለ በርበሬዋ እናት ናቸው። አጥር ደብድበው ጠሩኝ፤ በሁለት ባልዲ ውሃ ጠፋ። ቤቶቻችን እንዴት እንደተጣበቁ ታውቃላችሁ። እሳቸው ቶሎ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ፈታሁት፤ ከዚያም በትክክለኛው ቅደም ተከተል እንደ አዲስ ገጠምኩት። በግቢው ማሽን ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ ይህንን ልብ ብሎ ያድምጥ።

መጀመሪያ ብናኙ። ከወረቀቱ ሥር፥ ብናኙ በሚወረወርበት በኩል፥ ከኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠራሁ። ከሳጥኑ ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ክዳኑ የጠበቀ በርሜል ውስጥ ይገባል። ሻካራው እዚያ ይወድቃል፤ የላመው አልፎ በድርብ አቡጀዲ ከተሰፋ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይቀራል። ከረጢቱ ትልቅ መሆን አለበት፤ ትንሽ ከሆነ አየሩ ይታፈንና መሳቡ ይደክማል። በርሜሉ በየቀኑ ማታ ይደፋል። ወለሉም ውሃ ሳይረጭ አይጠረግም። ይህም ሆኖ ሁሉንም አይዝም፤ ስለዚህ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። ብረት ደግሞ በዚህ ማሽን ከእንግዲህ አይሳልም። ለመጥረቢያና ለቢላዋ ሌላ ቦታ፥ ሌላ ድንጋይ አለ።

ሁለተኛ መብራቱ። ሞተሩ ሲነሣ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ባንድ መስመር የምንጠቀም ሰዎች አምፖላችን የሚፈዘው ለዚህ ነው። እኔ ከአምፖል መስመር ቀጥዬ ነበር፤ ሽቦው ይሞቅ ነበር። አሁን ባለሙያ ጠርቼ ከቆጣሪው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በራሱ ብሬከር አስገባሁ፤ የማሽኑንም ብረት ከመሬት ሽቦ ጋር አስያያዝኩ። ሌላም አለ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ሳንዘጋ ትተነው እንወጣለን፤ መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሣል። በዚያ ሰዓት አጠገቡ ሕፃን ቢኖርስ? አሁን መብራት ሲሄድ ራሱ ቆርጦ የሚቀር፥ ሲመጣም ካልነኩት የማይነሣ ማብሪያ ገጥሜያለሁ።

ሦስተኛ የወረቀቱ መሸሽ። ይህ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ወረቀቱ የሚሸሸው ሩሎው ቀጥ ያለ ስለሆነና ሁለቱ ሩሎዎች ትክክል ስላልተያዩ ነው። የሚገርመው ነገር የሚዞር ቀበቶ ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል እንጂ ወደ ዝቅተኛው አይወርድም። ስለዚህ አንዱን ሩሎ ቶርኖ ቤት ወስጄ መካከሉ ከዳሮቹ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያብጥ አስደረግሁ፤ ወረቀቱ መካከሉን ፈልጎ ይቀመጣል። ገንዘብ ያጠረው መካከሉ ላይ ናስትሮ ቢጠቀልልም ለጊዜው ይሠራል። ሌላኛውን ሩሎ ደግሞ በሞላ እንዲወጠር፥ በአንድ ቡሎንም ዘንበል ቀና እንዲል አደረግሁት። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ላሜራ ሳስቶ መካከሉ ጎድጉዶ ስለነበር እንጨቱ ዳር ዳሩ ይበላ ነበር፤ በ6 ሚሊ ሜትር ብረት ተካሁት።

አራተኛ ኩሽኔታው። ቁጥሩ 6204 የሆነ፥ ጎኑ በጎማ የተሸፈነ ገጠምኩ። ክፍቱን ብናኝ ቶሎ ይበላዋል። ኩሽኔታም ፑሌጃም ከአዲስ አበባ መርካቶ ከምናለሽ ተራ አስመጣሁ። አሮጌ ብረት እዚያ ገብቶ አዲስ ሥራ ይዞ እንደሚወጣ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ፍጥነቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ አምስተኛ ላይ ነው። ሞተሩን ከሩሎው ለይቼ በቺንጋ አገናኘሁት። በሞተሩ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር፥ በሩሎው ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ስላደረግሁ 2,800ው ዙር ወደ 1,870 ይወርዳል፤ ወረቀቱም በደቂቃ ወደ 590 ሜትር ይሄዳል። ከድሮው ይፈጥናል፤ ዋንዛም አያቆመውም፤ እንጨትም አያቃጥልም። በቺንጋውና በሩሎዎቹ ላይ የላሜራ መከለያ አለ። እግሮቹ ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ ስላስገባሁ መንቀጥቀጡም ጩኸቱም ቀንሷል።

ወረቀት ስትገጥሙ በጀርባው ያለውን ቀስት ተመልከቱ፤ በተቃራኒው ከዞረ መጋጠሚያው ይፈታል። በ60 ወይም በ80 ቁጥር ጀምራችሁ በ120፥ ከዚያ በ180 ጨርሱ። ወረቀቱ በእንጨት ሙጫ ሲደፈን አትጣሉት፤ ከአሮጌ ጫማ የወጣ የክሬፕ ሶል እየዞረ ሳለ ብታስነኩት ይጠራል፤ ብዙ ብር ያተርፋል። ጋቢ፥ ነጠላ፥ ሰፊ እጅጌና ጓንት ግን ከማሽኑ አጠገብ አይደርሱም፤ ይጠመጠሙና እጅ ይዘው ይገባሉ።

እንግዲህ በበኩሌ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

1ኛ/ ብናኝ መያዣ የሌለው ማለስለሻ ማሽን በሰፈራችን እንዳይሠራ፤ ላላቸው ሰዎች የሁለት ወር ጊዜ ይሰጣቸው። ሳጥኑንና ከረጢቱን መሥራት ያቃተው ቢኖር እኔ ያለ ክፍያ አሳየዋለሁ።

2ኛ/ ማሽን የሚሠራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይሁን። ሰፈራችን የሆስፒታል ሰፈር ነው፤ ከሩቅ አገር በሽተኛ ይዞ መጥቶ በየቤታችን የሚያድረው ብዙ ነው፤ እንቅልፍ ይገባዋል። ለቅሶ ባለበት ቀን ደግሞ የማንም ማሽን አይነሣ።

3ኛ/ ማሽን ያለበት ቤት ሁሉ አንድ በርሜል ውሃና አንድ ጆንያ አሸዋ በር ላይ ያስቀምጥ።

4ኛ/ ከማሽኖቹ የሚወጣው ሰጋቱራ በየቦዩ አይጣል። ለዶሮ ቤትና ለማገዶ የሚፈልግ አለና በአንድ ቦታ ይሰብሰብ።

ወጣቶች በግቢያቸው ሠርተው እንዲበሉ እንፈልጋለን። «ማሽን ይከልከል» ያላችሁ ሰዎች ስንት ቤት ከዚህ ሥራ እንደሚበላ አስቡ፤ «ማን ምን አገባው» ያላችሁ ደግሞ ያን የሚጨስ ብናኝ አስቡ። ማሽን ተሻሻለ የሚባለው ባለቤቱ ሲፈጥንለት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት በሰላም ሲተነፍስ ጭምር ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር። እኒያ እናት ዛሬ በመካከላችን አሉ። ያን ዕለት ማታ አጥሬን ስለደበደቡልኝ በሕዝብ ፊት አመሰግናቸዋለሁ። የዘንድሮ በርበሬያቸው ከአጥሩ ማዶ ተሰጥቷል። ከስብሰባው ስትወጡ አስፈቅዳችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። እንጨት ያገኘ ሰው ቢኖር ለሊቀ መንበሩ ይንገር፤ እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ እጽፈዋለሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ