ኮድን በጆሮ ማንበብ፦ ዓይነ ስውር ተማሪና የፕሮግራሚንግ ትምህርት



 አዘጋጆቹ «ዓይነ ስውር ሰው እንዴት ፕሮግራም ይጽፋል?» የሚለውን ጥያቄ እንድመልስ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ስንከታተል ግን ኮድ ከመነሻው ለዓይን ተብሎ የሚቀረጽ ጽሑፍ መሆኑን እናያለን፤ የዛሬው ነገሬም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

አስቀድሜ መሣሪያውን ላስተዋውቅ። ስክሪን ሪደር በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ብሬይል የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ተጠቃሚው ማውስ አይነካም፤ ሥራውን ሁሉ በኪቦርድ ያከናውናል። እኔ የምጠቀመው ኤንቪዲኤ የተባለውን ነው። ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ጀመረው፤ እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጄምስ ቴህም ተቀላቀለው። በነፃ ይሰጣል፤ አብዛኛው ክፍሉም የተጻፈው በፓይተን ነው። «ዓይነ ስውር ፓይተን መማር ይችላል ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ ይህን እጠቅሳለሁ፤ ፓይተንን የሚያነብልኝ ፕሮግራም ራሱ ዓይነ ስውራን በፓይተን የጻፉት ነውና።

ዓይን አንድን ገጽ በአንድ ጊዜ ይቃኛል። መቶ መስመር ያለው ፕሮግራም የተከፈተለት ማየት የሚችል ተማሪ ገና አንድ ቃል ሳያነብ ብዙ ነገር ያውቃል፤ የቱ ክፍል ረጅም እንደሆነ፣ የቱ በየትኛው ሥር እንደተጠቃለለ፣ ማስታወሻው የት እንዳለ ቅርጹና ቀለሙ ይነግሩታል። ጆሮ ግን ቃልን ከቃል በኋላ ነው የሚቀበለው። እኔ የመጀመሪያውን መስመር ስሰማ የማውቀው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው።

ቀላል ምሳሌ ልስጥ። አሥር ጊዜ የሚደጋገም የፓይተን ሉፕ እናንተ በጨረፍታ የምታልፉት አንድ መስመር ነው። ለእኔ «ፎር አይ ኢን ሬንጅ ሌፍት ፓረን ቴን ራይት ፓረን ኮለን» ሆኖ ይደርሰኛል። ይህም የሥርዓተ ነጥብ ንባብ ደረጃውን እስከ መጨረሻው ከፍ ካደረግሁ ነው። ልብ ወለድ ለማንበብ በሚመቸው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ከተተወ ቅንፉም ሁለት ነጥቡም ሳይነገሩ ያልፋሉ። በልብ ወለድ ውስጥ ይህ ዕረፍት ነው፤ በኮድ ውስጥ ግን የተዘለለችው ሁለት ነጥብ ፕሮግራሙን ታስቆማለች። አዲስ ተማሪ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ማስተካከያ ይህ ነው።

ከዚህ የሚከብደው በመስመር መነሻ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። በፓይተን አራት ክፍት ቦታ ትርጉም አለው፤ አንዱ ትእዛዝ በሌላው ሥር መሆኑን የሚናገረው እርሱ ነው። ለዓይን ቅርጽ ነው፤ ለጆሮ ግን ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ አይቆጠርም። ኤንቪዲኤ ለዚህ ሁለት መንገድ አለው፤ ክፍት ቦታውን ቆጥሮ በቃል ይናገራል፣ አለዚያም መስመሩ ወደ ውስጥ በገባ መጠን ከፍ የሚል ቃና ያሰማል። እኔ ቃናውን እመርጣለሁ፤ ቃል ጊዜ ይወስዳልና። ጆሮ ከለመደው በኋላ የፕሮግራሙ ቅርጽ እንደ ዜማ መውጣትና መውረድ ይሰማል። በጆሮ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን ሰፊ ትምህርት በቃላቸው ሲይዙ ኖረዋል።

ነገር ግን የማስታወስ ችሎታዬን ለሚያደንቁልኝ ወዳጆቼ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው፤ ይህ ለእኔ ወጪ ነው። ቅንፉ የት እንደተከፈተ ለማስታወስ ያዋልሁት አእምሮ ስለ አልጎሪዝሙ ከማሰብ የተቀነሰ ነው። ስለዚህም አጭር ፈንክሽን፣ ግልጽ ስያሜ፣ የመስመር ቁጥሩን የሚናገር የስህተት መልእክት ለእኔ የጨዋ ፕሮግራመር ልማድ ብቻ አይደሉም፤ መንገዴ ናቸው።

ቲ. ቪ. ራማን የተባለው ዓይነ ስውር የኮምፒውተር ሳይንቲስት ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ የሒሳብ ጽሑፍን በድምፅ ስለማቅረብ ነበር፤ ከዚያም ኢማክስፒክን ሠራ። ሐሳቡ በስክሪን ላይ ያለውን እንዳለ መናገር አልነበረም። ለዓይን ቀለም እንደሚለየው ሁሉ ለጆሮም ድምፅ ይለይ፤ ማስታወሻው በአንድ ድምፅ፣ ትእዛዙ በሌላ ይነገር አለ። እኔ ከዚህ የላቀ ሐሳብ በዘርፉ አልገጠመኝም።

እንግዲህ መሣሪያው ካለ ዓይነ ስውር ተማሪዎች በኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ለምን አይበዙም? የራሴን ልናገር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሒሳብ ትምህርት «ነፃ» ተደርጌአለሁ። ቃሉን ልብ በሉ። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን የሚነግረኝ ስላልነበረ ሸክም የቀነሱልኝ መሰላቸው፤ ያስወሰኑትም ሰዎች ይራሩልኝ ነበር። ውጤቱ ግን ገና በልጅነቴ አንድ በር መዘጋቱ ነው። ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ተመደብሁ፤ ፕሮግራሚንግ የጀመርሁት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ፣ ሒሳቡን ከታች ጀምሬ ለራሴ እያስተማርሁ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ስለ አካታች ትምህርት በግልጽ ይናገራል። ርኅራኄ ግን ስምምነት አያነብም።

በዩኒቨርሲቲም በሩ በትናንሽ ነገሮች ይዘጋል። ፎቶ ተነሥቶ በስላይድ ላይ የተለጠፈ ኮድ ለስክሪን ሪደር ሥዕል ነው፤ አንድ ቃል አይወጣውም። «ይህ ቀስት ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል» የሚል መምህር ለእኔ ምንም አልተናገረም፤ «ከሥሩ ወደ ግራው ልጅ ይሄዳል» ቢል ግን ዛፉን በአእምሮዬ እሥለዋለሁ፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውም ይጠቀማል። በማውስ ብሎክ እየጎተቱ የሚሠሩበት መግቢያ ኮርስም እኔን ከደጅ ያስቀረኛል፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ግን ያስገባኛል።

ኤንቪዲኤን በላብራቶሪያችሁ ኮምፒውተሮች ላይ ለመጫን የሚያስፈልገው የአስተዳዳሪው ፈቃድ እንጂ በጀት አይደለም። አሁን የኮምፒውተሬን ድምፅ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼ አንድ አጭር ፕሮግራም እጽፋለሁ። በወትሮው በደቂቃ ከ300 ቃላት በላይ ነው የማዳምጠው፤ ለዛሬ ስለ እናንተ ስል ዝቅ አደርገዋለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።