ስለ ባክ ኦኒል የአሠልጣኝነት ሕይወት
(ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የኳስ ተጫዋች መሆኑን በመርሐ ግብሩ ላይ ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ፥ ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ መማሪያ መጻሕፍት መነጋገር ሲገባን ይህ ሰው ከወዴት መጣ ሳትሉ አትቀሩም። ጨዋታውም ቢሆን በአገራችን የተለመደ አይደለም። ቤዝቦል እንደ ገናችን በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ነው፤ ይሁን እንጂ ኳሷን በመሬት እየገፉ ወደ ባላጋራ ወሰን ማድረስ የለበትም። አንዱ ይወረውራል፥ ሌላው መትቶ ያርቃታል፥ የመታውም አራት ማዕዘኖችን ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። ለዛሬው ነገራችን ከዚህ የበለጠ ሕጉን ማወቅ አያስፈልግም። እኔን የሳበኝ የሰውየው ማስተማር ነውና።

ጆን ጆርዳን ኦኒል፥ በቅጽል ስሙ ባክ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 13 ቀን 1911 ዓ.ም. በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍል ካራቤል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ያደገው በሳራሶታ ሲሆን፥ በልጅነቱ ሰለሪ በሚባለው አትክልት እርሻ ውስጥ ሣጥን እየተሸከመ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በፀሐይ ንዳድ ተማርሮ ከዚህ የተሻለ ነገር በዓለም ላይ መኖር አለበት ብሎ ሲያጉረመርም አባቱ ሰማው፤ የተሻለ ነገር እንዳለ፥ ነገር ግን ሄዶ መፈለግ የእርሱ ፈንታ መሆኑን ነገረው።

ፍለጋው ግን በትምህርት ቤት በር ላይ ተሰናከለ። በሳራሶታ የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚቀበለው የነጮችን ልጆች ብቻ ነበር። ኦኒል ከቤቱ ርቆ ወደ ጃክሰንቪል ሄደና ጥቁር ምእመናን ባቋቋሙት በኤድዋርድ ዎተርስ ኮሌጅ የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ፈጸመ፤ በዚያው ሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርትም ጨመረበት። የሳራሶታው ትምህርት ቤት በ1995 ዓ.ም. የክብር ዲፕሎማ ሰጠው። በዚያን ጊዜ የ83 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የክብር ዲፕሎማ ይባል እንጂ፥ በእኔ አስተያየት በዚያ ቀን ክብር ያገኘው ትምህርት ቤቱ ነው።

በ1930ዎቹ ዓመታት ጥቁሮች በታላላቆቹ ሊጎች አይጫወቱም ነበር። ይህን የሚያዝ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የቡድን ባለቤቶች እርስ በርሳቸው የተግባቡበት ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለው ስምምነትም ከተጻፈው ሕግ ይልቅ ለመሻር ያስቸግራል። ጥቁሮቹ ከ1920 ዓ.ም. ጀምረው የራሳቸውን ሊጎች አቁመው ይጫወቱ ነበር። እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር ስላለ ጥቂት ልቁም። ከሊግ ውጭ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በጨዋታና በቀልድ ገንዘብ የሚያገኙ ቡድኖች ነበሩ፤ ከነርሱም አንዱ ከማያሚ የተነሣና ፊታቸውን ቀለም የሚቀቡ ተጫዋቾች የነበሩት ቡድን ራሱን የኢትዮጵያ ቀልደኞች ብሎ ሰይሞ ነበር። ይህ የሆነው አገራችን በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ስሟ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ በሚነሣበት ዘመን ነው። የጥቁሮች ጋዜጠኞችም ነቀፉት፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ሲገባ የኢትዮጵያን ስም ተወ። ኦኒል ራሱ በ1937 ዓ.ም. የሣር ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱ፥ በዙሉ ስም በሚጠሩ ተጫዋቾች መካከል ለጥቂት ጊዜ ተሰልፏል። እንጀራ ፍለጋ ሰውን እንዲህ ያለ ልብስም ያስለብሰዋል።

በ1938 ዓ.ም. ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ወደሚባለው ስመ ጥር ቡድን ገብቶ የመጀመሪያው ማዕዘን ጠባቂ ሆነ። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በባሕር ኀይል አገለገለ፤ በተመለሰበትም ዓመት በ1946 ዓ.ም. በኳስ መምታት የሊጉ አንደኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ያገባት ሚስቱ እንደ እኛው መምህርት ነበረች። በ1947 ዓ.ም. ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ቡድን ተሰልፎ የታላቁን ሊግ በር ሲከፍት ኦኒል 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። ለተጫዋች ይህ የማታ ዕድሜ ነው፤ በሩ ተከፈተ፥ ለእርሱ ግን ዘገየ።

የሕይወቱ ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። ከ1948 እስከ 1955 ዓ.ም. ሞናርክስን ሲመራ ብርቱ ብርቱዎቹ ልጆች እየተለቀሙ ወደ ታላላቆቹ ቡድኖች ይሄዱ ነበር፤ አንድ ወጣት በተሻለ ቍጥር ቡድኑን ጥሎ የሚሄድበት ቀን ይቀርባል። በመምህራን ማሠልጠኛ የምናስተምር ሰዎች ይህን ሥራ እናውቀዋለን። ኤርኒ ባንክስን በ1953 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ ካብስ፥ ኤልስተን ሃዋርድንም የኒው ዮርክ ያንኪስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ወደሆነበት መንገድ አሳልፎ ሰጠ። ከዚያም እርሱ ራሱ ለካብስ ተጫዋች መልማይ ሆነና በደቡብ ያሉትን የጥቁሮች ኮሌጆች እየዞረ የሚመለከት ሆነ፤ ኋላ ስሙ የገነነው ሉ ብሮክ የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። በ1959 ዓ.ም. ቢሊ ዊልያምስ የሚባል የካብስ ወጣት በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ይጫወት ነበር። ጓደኞቹ በሚበሉበት ምግብ ቤት እርሱ አይስተናገድም። ይህ ቢመረው ጨዋታውን ትቶ ወደ አላባማ፥ ወደ ተወለደባት ዊስለር ተመለሰ። ካብስ ኦኒልን ላኩበት። ኦኒል ከልጁ ወላጆች ቤት ሄዶ በማዕድ ተቀመጠ፤ ስለ መመለስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያም ልጁን ይዞ በአቅራቢያው ወደሚገኘው የጨዋታ ሜዳ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ዊልያምስን ባዩት ጊዜ ግር ብለው መጥተው ከበቡት፤ ስለ ጨዋታውም ይጠይቁት ጀመር። ወጣቱ በነርሱ ዓይን ምን እንደሆነ ተመለከተ። ከጥቂት ቀን በኋላም ወደ ቡድኑ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በታላቁ ሊግ ተሰለፈ፤ በ1987 ዓ.ም. በኩፐርስታውን ወደሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ።

እኛ አስተምረን ወደ ሩቅ ወረዳ የላክነው ወጣት መምህር ሥራውን ጥሎ ሲመለስ ምን እናደርጋለን? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ደመወዙን እንይዛለን፤ ከዚያም በቦታው ሌላ እንልካለን። ማን ቤቱ ሄዶ ከእናቱ ማዕድ ይቀርባል? በእርግጥ በነገሩ ውስጥ አንድ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ኦኒል ልጁን የመለሰው ወደዚያው ወደ ተዋረደበት ስፍራ ነው፤ ምግብ ቤቱም አልተለወጠም። እኔ ትክክል አደረገ እላለሁ፤ ምክንያቱም የላከው ራሱ ያላለፈበትን መንገድ አይደለም። የወረዳውን ቅዝቃዜና ብቸኝነት ያልቀመሰ ኀላፊ ግን ተመለስ ለማለት ይህን ያህል መብት ያለው አይመስለኝም።

በ1962 ዓ.ም. ካብስ ኦኒልን አሠልጣኝ አድርገው ሾሙት። በታላላቆቹ ሊጎች የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ እርሱ ነው። የቡድኑ ባለቤት ከአንድ ዓመት በፊት የመሪነትን ሥራ አስቀርቶ፥ ብዙ አሠልጣኞች በተራ የሚመሩበትን ኮሌጅ የተባለ ሥርዓት አቁሞ ነበር። ለስምንት ዓመት ቡድን የመራው ኦኒል ግን ተራ አልደረሰውም፤ በጨዋታ ጊዜም በማዕዘን መሥመሩ ላይ ቆሞ ሯጮችን እንዲያዝ አልተፈቀደለትም። በዚያ ዓመት ቡድኑ 103 ጨዋታ ተሸነፈ። (ባለ ብዙ ርእሰ መምህር ትምህርት ቤትም ከዚህ የተሻለ ውጤት አያገኝም።) በታላቁ ሊግ ጥቁር የቡድን መሪ የታየው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ፍራንክ ሮቢንሰን ነበር።

ስለ ኦኒል ትዕግሥት የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ እኔም አደንቃለሁ። ዳሩ ግን የተበደለውን ሰው ትዕግሥት እያነሡ ማመስገን በዳዩን ከመጠየቅ ያድነዋል። በየትምህርት ቤቱ ምክትል ተብለው ሥራውን ሁሉ የሚሠሩ፥ የሹመት ተራ ግን የማይደርሳቸው መምህራንና መምህራት አሉ፤ እነርሱንም ታጋሾች እያልን እናመሰግናቸዋለን።

በ1990 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ የጥቁሮች ሊጎች ቤተ መዘክር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ከ1981 እስከ 2000 ዓ.ም. ደግሞ ለክብር አዳራሹ ነባር ተጫዋቾችን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ አገልግሎ፥ ብዙ የተረሱ ጓደኞቹን አስገብቷል። በ2006 ዓ.ም. ልዩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ከጥቁሮች ሊጎች 17 ሰዎችን መረጠ፤ የ94 ዓመቱ ኦኒል ከነርሱ መካከል አልነበረም። ሁሉም ሞተው ስለ ነበር በጁላይ 30 ቀን ስለ እነርሱ እንዲናገር ተጠየቀ። ሄደ፤ ስለ ራሱ ሳያማርር ስለ እነርሱ ተናገረ፤ የተሰበሰበውንም ሕዝብ እጅ ለእጅ አያይዞ አዘመረ። በኦክቶበር 6 ቀን በዚያው ዓመት ዐረፈ። አዳራሹ በስሙ ሽልማት አቋቁሞ በ2008 ዓ.ም. ሐውልት አቆመለት፤ በ2021 ዓ.ም. መረጠው፤ በ2022 ዓ.ም. በጁላይ 24 ቀን ስሙ ገባ።

የካንሳስ ሲቲው ሮያልስ ቡድን ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ኦኒል ይቀመጥበት በነበረው ስፍራ በሰማያዊ ወንበሮች መካከል አንድ ቀይ ወንበር አኖረ። በቀዩም ወንበር ላይ፥ በየጨዋታው፥ ለሰፈሩ በጎ ሥራ የሠራ አንድ ሰው ተመርጦ እንዲቀመጥበት ተደረገ።