በቤት ለተሠራ የድምፅ ማቀላቀያ ጉልበት ስለ መስጠት



ዛሬ ልናገር ያሰብሁት በትርፍ ጊዜያቸው የሬዲዮና የኤሌክትሪክ ሥራ ለሚወዱ ሰዎች ስለሚጠቅም ጉዳይ ነው። ይኸውም በእጅ የተሠራ የድምፅ ማቀላቀያ፥ ማለት ሚክሰር፥ ከድካሙ የሚድንበት መንገድ ነው። ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዕድር ስብሰባ ዝግ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ድምፁ ካልተሰማ፥ ምክሩ እንዳልተነገረ ይቆጠራልና።

ብዙዎች ከሥራ መልስ አራት ሬዚስተሮችን በአንድ ሽቦ ላይ አገናኝተው፥ ማይክሮፎኑንም ሙዚቃ ማጫወቻውንም በአንድ መስመር ያስተላልፋሉ። ይህ መሣሪያ ባትሪ አይፈልግም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ዳሩ ግን ባትሪው ያልከፈለውን ዕዳ ድምፁ ይከፍለዋል። እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ኦም የሆኑ አራት ሬዚስተሮች ከአራት መሣሪያዎች ጋራ ቢያያዙ፥ ከአንዱ የገባው ድምፅ በሦስቱ ጎረቤቶቹ በኩል ስለሚፈስ፥ ቮልቱ ከአራት እጅ አንድ እጅ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ይህም 12 ዴሲቤል ያህል ጉድለት ነው።

«እንግዲያውስ አራት እጥፍ የሚያጎላ አምፕሊፋየር በመውጫው ላይ ብንቀጥልበትስ?» የሚል ይኖራል። ይህ ለሙዚቃ ማጫወቻ ይበቃል፤ ለማይክሮፎን ግን አይበቃም። ማጫወቻው 0.3 ቮልት ያህል ሲሰጥ፥ ማይክሮፎኑ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ይህ ደካማ ድምፅ በማቀላቀያው ውስጥ ከተከፈለ በኋላ ቢጎላ፥ ሬዚስተሮቹና አምፕሊፋየሩ ራሳቸው የሚፈጥሩት ሽውታም አብሮት ይጎላል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው 100 እጥፍ ያህል ሊጎላ ይገባል። ለመንገደኛ ስንቅ የሚሰጠው ሲነሣ ነው እንጂ ደክሞ ከወደቀ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው ቁም ነገር የመገናኛው ነጥብ ነው። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ካርል ስዋርትዝል፥ እ.ኤ.አ. በ1941 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ደማሪ አምፕሊፋየር ለዚህ መድኀኒቱ ነው። እርሱ በቫኪዩም ቱቦ የሠራውን፥ ዛሬ ቲኤል 072 ወይም ኤንኢ 5532 የተባለች ባለ ስምንት እግር ቁራጭ ትፈጽመዋለች። አራቱ ሬዚስተሮች ከመቀነስ ምልክቱ መግቢያ ጋራ ይያያዛሉ፤ ከመውጫውም አንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደዚያው መግቢያ ይመለሳል፤ የመደመር ምልክቱ መግቢያ ከዜሮው መስመር ጋራ ይታሰራል። ያን ጊዜ የመገናኛው ነጥብ ዘወትር ወደ ዜሮ ቮልት ተጠግቶ ስለሚቆይ፥ ያንዱ ድምፅ ወደ ጎረቤቱ አይፈስም። አንዱን ዝቅ ብናደርግ ሌላው አይጎድልም፤ እያንዳንዱም በገባበት መጠን ይወጣል። በቁራጯ ውስጥ ሁለት አምፕሊፋየሮች ስላሉ፥ አንዱ ለማይክሮፎኑ፥ ሁለተኛው ለመደመሪያው ይሆናል።

ለኀይሉ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ይበቃሉ፤ የሁለቱ መገናኛ ዜሮ መስመር ይሆናል። የቤቱን 220 ቮልት ግን ወደዚህ ሣጥን ማስገባት ለሕይወት አደገኛ ነውና፥ ከቶ አይደረግ።

እንግዲህ ደካማውን አስቀድሞ ማበርታት፥ ከዚያም አንዱ ሌላውን ሳይጎዳ ማገናኘት የሥራው ሕግ ነው። ይህን የጠበቀ ሰው የሽማግሌውን ቃል እስከ አዳራሹ ጥግ ያደርሳል።