ምረቃና ምርቃና



 በዚህ የፊልም ተመራቂዎች በዓል ላይ ከጠዋት ጀምሮ "ምረቃ" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። ሐረር ላይ ይህ ቃል "ምርቃና" የሚባል ዘመድ አለው፤ ጫቱ ሲይዝ ዓይን ፈጦ ሐሳብ የሚኮበልልበት ሰዓት ነው። ወላጆች አትደንግጡ፤ ልጆቻችሁን ቃሙ ልላቸው አይደለም፣ ስለ ፊልም ላወራቸው ነው።

የፊልም ሠሪዋ የጄሲካ በሽር እናት ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሐረር አድጋ በ16 ዓመቷ አገር ለቅቃ ወጣች። ከዓመታት በኋላ አያቷን ልትጠይቅ ስትመለስ ቡና ይለቀምበት የነበረው ማሳ ጫት ለብሶ ጠበቃት።

እኔ ብሆን ካሜራዬን አያቴ ላይ ደግኜ "የሁለት አገር ልጅ ነኝ" እያልሁ አለቅስ ነበር። እሷ ወደ ጫቱ ሄደች። አሥር ዓመት ገደማ እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ "ፋያ ዳዪ" የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ይሰማበታል፤ ስፓኒሽ የለም። የእናቷን አገር ከፊልሙ አታውቁም። ካሜራዋ ግን የሚያየው በር ላይ ቆሞ ነው፤ ገብቶ አይቀመጥም፣ ጥሎም አይሄድም። ሁለት ቤት ያደገ ልጅ እንዲህ ያያል።

በፊልሙ ውስጥ የጫት ሠራተኞቹን እጆች እዩልኝ። ቅጠል ይለያሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ያስራሉ። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ አለበትና ችኮላው ጣት ላይ ይታያል። ቃሚው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጊዜው ራሱ ይቆማል። ይህን አንድም ተራኪ አያስረዳም።

እሷ ያገኘችውን ቀረጸች፤ የእኔ የመጀመሪያ ፊልም ግን በእናቴ አገር፣ ስለ ልጅነቴ ወንዝ ነበር። ስደርስ ወንዙ ደርቋል። እልህ ይዞኝ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሌላ ወንዝ ቀረጽሁ፤ ሙሉ ውሃ፣ ዳሩ ላይ ዋርካ፣ መቼም ያምር ነበር። በዓመቱ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ለአጎቴ አሳየኋቸው። እስኪያልቅ ዝም ብለው አዩና መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ነው?" አሉኝ።

ልቀርጽ በሄድሁበት ቀን በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ከፍሬሙ እንዲወጡልኝ ብዬ አባረርኋቸው።